ቡሄ በድንኳን

ጠጋ ጠጋ በሉ፤ የአንድ ነሐሴን ጉዞ ላጫውታችሁ። ተጓዦቹ አምስት ነን፦ እኔ፣ ባለቤቴና ሦስት የልጅ ልጆቻችን። የምንነሳው ከሲያትል ነው። የምንሄደው የሎውስቶን ወደሚባለው ታላቅ የዱር ምድር፣ ከዚያም አልፈን እስከ ዋዮሚንግ ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ ነው። የምናድረው ድንኳን ውስጥ ነው።

አስቀድሜ ልጆቹን ላስተዋውቃችሁ። ትልቁ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው፤ የጆሮ ማዳመጫውን ሳይነቅል «ደህና ነኝ፣ አባባ» የሚል፣ ጨዋ ግን ራቅ ያለ ልጅ። ልጅቱ አሥር ዓመቷ ነው፤ ያየችውን ሁሉ ደብተሯ ላይ ታሰፍራለች። ማሙሽ ገና ስድስት ዓመቱ ነው፤ ጥያቄ አያልቅበትም። ሦስቱም አማርኛ ይሰማሉ፤ ሲመልሱ ግን በእንግሊዝኛ ነው። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እኛ ቤት ይመጣሉ። ጉልበት ይስማሉ፣ ይበላሉ፣ ከዚያ በየጥጋቸው ይበተናሉ። ዓመታት እንዲህ አለፉ። «ብሉ»፣ «ጠጡ»፣ «ትምህርት እንዴት ነው» ከማለት ያለፈ ምን ተባባልን ብዬ ሳስብ ልቤ ይከፋ ነበር።

አገር ቤት ሳለን ለዚህ ነገር መላ ነበረው። ክረምት ገብቶ ትምህርት ሲዘጋ የከተማ ልጅ ወደ ገጠር፣ ወደ አያቶቹ ይላካል። ማንም አያስተምረውም፤ ግን ከብት ሲያግድ፣ እሸት ሲጠብስ፣ ማታ እሳት ዳር ተረት ሲሰማ ይከርማል። መስከረም ላይ ሲመለስ አፉም ልቡም የአያቶቹን መስሎ ነው። እኛ ግን እዚህ ልጆቹን የምንሰበስብበት ገጠር የለንም። ያለን ሁለት መኝታ ክፍል ያለው አፓርታማ ነው። እናም ባለቤቴ አንድ እሑድ ቡና እያፈላች ለልጃችን «ነሐሴን ስጪን» አለቻት።

ልጃችን ደነገጠች። ድብ አለ፣ የአባባ ደም ግፊት አለ፣ የእማማ ወገብ አለ፤ መሬት ላይ እንዴት ትተኛላችሁ አለች። ባለቤቴ ጀበናውን አስቀምጣ «ጉልበታችን ሲከዳንማ ማን ይወስዳቸዋል?» ብላ መለሰች። በእርግጥ ዕድሜ ሰበብ አይሆንም። ከኦሃዮ የተነሱት ጆይ ራያን የሚባሉ አያት ከልጅ ልጃቸው ጋር የአሜሪካን ብሔራዊ ፓርኮች መዞር ሲጀምሩ 85 ዓመታቸው ነበር። 63ቱንም አዳርሰው በ2023 ሲጨርሱ 93 ሞልቷቸዋል። እኛ ገና ሰባዎቹ ውስጥ ነን።

ስለ ዝግጅቱ ባጭሩ ልንገራችሁ። ልጃችንና ባለቤቷ ልጆቹን ሐኪም ዘንድ መውሰድ እንድንችል የፈቃድ ደብዳቤ ጽፈው፣ ፊርማውን አስረጋግጠው ሰጡን፤ የኢንሹራንስ ካርዱን ቅጂ ጨመሩበት። አያት ወላጅ አይደለምና ይህ ወረቀት ከድንኳኑ ይቀድማል። ሁለተኛው የፓርክ መግቢያ ካርድ ነው። ዕድሜው 62 የሞላ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ በ80 ዶላር የዕድሜ ልኩን ያወጣል። በዚያ ካርድ አብረውት በመኪናው ውስጥ ያሉትም ይገባሉ፤ በብዙ ቦታም የድንኳን ኪራይ በግማሽ ይቀነስለታል።

ስንቁ ግን የባለቤቴ ግዛት ነውና እዚህ ላይ ቆም ልበል። ነሐሴ 1 ፍልሰታ ይገባል፤ እኛ ደግሞ ጾሙን መንገድ ላይ ነው የምንቀበለው። እንጀራ ከሦስት ከአራት ቀን በላይ አይቆይም። ስለዚህ አስቀድማ እንጀራውን ቆራርሳ አድርቃ ድርቆሽ አደረገችው። በሶ አስፈጨች። ሽሮ፣ በርበሬ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ በየከረጢቱ ቋጠረች። ልጆቹ ከሱቅ ስለሚገዛው የካምፕ ምግብ ሲያወሩ እሷ ዝም ብላ ትሰማለች። የኢትዮጵያ ዘማች በየዘመኑ ስንት ተራራ የወጣው በዚሁ ስንቅ አይደል? በሶ እሳት አይፈልግም፤ ውሃና ጨው ብቻ። ድርቆሽ ደግሞ ወጥ ሲፈስበት ነፍስ ይዘራል። በመንገዱ ሁሉ ከድርቆሹ አንድ ፍርፋሪ አልተጣለም።

ሲያትል ላይ የሚጀምረው 90 ቁጥር አውራ ጎዳና መጨረሻው ቦስተን ነው። እኛ ተራራውን ተሻግረን፣ የኮሎምቢያን ወንዝ በቫንቴጅ ድልድይ አልፈን፣ በአይዳሆ አቋርጠን ሞንታና ገባን። የየሎውስቶን ሰሜናዊ በር ከሲያትል 1200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ እኛ እያደርን ተጓዝን። መጀመሪያ ላይ ልጆቹ በመስኮት ወንበር ተጣሉ፣ በስልክ ቻርጀር ተጣሉ። ከዚያ ተራሮቹ እየገዘፉ ሲሄዱ የስልኩ ኔትወርክ ይቆራረጥ ጀመር። ፓርኩ ውስጥ ስንገባ ጭራሽ ጠፋ። ትልቁ ልጅ ስልኩን ወደ ላይ አንስቶ፣ ዝቅ አድርጎ ሞከረው፤ በመጨረሻ ኪሱ ከተተው። እኔም በመስታወቱ አይቼው ምንም አላልኩም።

የሎውስቶን በ1872 ሲከለል ከእሱ በፊት ብሔራዊ ፓርክ የሚባል ነገር በዓለም አልነበረም። ስፋቱ 9000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ በፊት በሺህ ለሚቆጠሩ ዓመታት የአገሩ ነባር ሕዝቦች ኖረውበታል፣ አድነውበታል፣ ጸልየውበታል። ይህን ለልጆቹ ስነግራቸው ልጅቱ «ታዲያ የት ሄዱ?» አለች። ተገፍተው እንደወጡ ነገርኳት። እንዲህ ያለውን ነገር ከልጅ መደበቅ አልወድም።

ድንኳናችንን ስንተክል የፓርኩ ሬንጀር መጣች። ምግብ ብቻ ሳይሆን ሽታ ያለው ነገር ሁሉ፣ የጥርስ ሳሙናም ቢሆን፣ ድስትም ቢሆን፣ ወይ መኪና ውስጥ ይቆለፋል ወይ ድብ የማይከፍተው የብረት ሳጥን ውስጥ ይገባል አለችን። ባለቤቴ በርበሬውን፣ ሽሮውን፣ ጀበናውን ሳይቀር አንድ በአንድ አስገባች። ማታ ማታ ሳጥኑ መዘጋቱን የማረጋገጥ ኃላፊነት ለማሙሽ ተሰጠ። ሳያረጋግጥ የተኛበት ሌሊት የለም። ልጅ እውነተኛ ሥራ ሲሰጠው እንዴት እንደሚኮራ ማየት የፈለገ ይህን ይስጠው።

ለእኛ ለሽማግሌዎቹ አየሩ እንግዳ አልሆነብንም። የየሎውስቶን ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2357 ሜትር ላይ ነው፤ አዲስ አበባ ካለችበት ከፍታ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ባቄላው ለመብሰል ጊዜ ይወስዳል። ሌሊቱ በነሐሴም ቢሆን ውርጭ ሊጥል ይደርሳል። ልጆቹ ስሊፒንግ ባጋቸው ውስጥ ሲንቀጠቀጡ ባለቤቴ ከመኪናው ጋቢዎቹን አወጣች። ሲያትል ላይ «ይሄ ለምን ይጫናል?» ያለው ትልቁ ልጅ በማግስቱ ጠዋት ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ በሶውን ሲጠጣ አየሁት። የአገሬ፣ የደባርቅ ልጅ መሰለኝ፤ ጎረምሳ ሆኜ ራሴን ያየሁ ያህል ደነገጥኩ።

አሁን ወደ ፍል ውሃው ልውሰዳችሁ። እዚያ መሬቱ ራሱ ይተነፍሳል። ከ10 ሺህ በላይ ፍል ውሃ፣ እንፋሎትና የሚፍለቀለቅ ጭቃ አለ። ወደ ሰማይ እየተፈናጠረ ከሚወጣው የዓለማችን ፍል ውሃ ግማሽ ያህሉ የሚገኘው እዚሁ ነው። ከሁሉ የታወቀው ኦልድ ፌይዝፉል ነው። በአማካይ በየ90 ደቂቃው ይነሳል፤ ቁመቱ ከ32 እስከ 56 ሜትር ይደርሳል። ሰው ዙሪያውን ተቀምጦ ይጠብቃል። እኛም ቆሎ እየቆረጠምን ጠበቅን። መጀመሪያ አንድ ሁለቴ አጉረመረመ፣ ከዚያ ያ ነጭ ውሃ እየጮኸ ወጣ። ማሙሽ እጄን ጨምቆ ያዘው። ባለቤቴ ግን አማተበችና «ይህማ የእኛው ፍል ውሃ ነው» አለች።

ያኔ ልጆቹ ከዚያ በፊት ሰምተውት የማያውቁትን አወራች። ካዛንቺስ ነው ያደገችው። ትንሽ ልጅ ሆና ቅዳሜ ጠዋት እናቷ ፎጣና ሳሙና አስይዘው ፍልውሃ ይወስዷት ነበር። ተራ ጠብቀው፣ ቲኬት ቆርጠው፣ ያ ከመሬት ሆድ የሚወጣው ውሃ ሲያጥባቸው የሳምንቱ ድካም ሁሉ ይለቃል። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው በዚያ ውሃ አጠገብ ቤት ስላሠሩ፣ አዲስ አበባም በዚያ ሰበብ ስለመቆርቆሯ አጫወተቻቸው። ልጅቱ ደብተሯን አውጥታ «ጣይቱ» ብላ በፊደል ጻፈች። ሰንበት ትምህርት ቤት ፊደል ስትቆጥር ዓመታት ሆኗታል፤ ማንም ሳያዛት በገዛ ፈቃዷ ስትጽፍ ሳያት ግን ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር።

ነገር ግን አደራ እላችኋለሁ፤ እዚያ ሰው የሚሄደው በእንጨት በተሠራው መንገድ ላይ ብቻ ነው። መሬቱ ጠንካራ ይመስላል፤ ከሥሩ የፈላ ውሃ አለ። በፓርኩ ታሪክ ከ20 በላይ ሰዎች ተቃጥለው ሞተዋል። ማሙሽን ከእጃችን አልለቀቅነውም። ሌላው ጎሹ ነው። የአሜሪካ ጎሽ ቀስ ብሎ ሲግጥ ሲያዩት ሰነፍ ይመስላል፤ ሲነሳ ግን የሰውን ሦስት እጥፍ ይሮጣል። ቢያንስ 23 ሜትር፣ ከድብና ከተኩላ ደግሞ 91 ሜትር መራቅ ሕግ ነው። መንጋው መንገዱን ሲያቋርጥ መኪናው ሁሉ ቆመ፤ እኛም ሞተር አጥፍተን ተቀመጥን። በ1902 በዚያ ፓርክ የቀሩት ጎሾች ሁለት ደርዘን ያህል ብቻ እንደነበሩ፣ ዛሬ በሺዎች እንደሚቆጠሩ ስነግራቸው ትልቁ ልጅ «አገራችሁስ እንደዚህ ያለ እንስሳ አለ?» አለኝ። ዋልያን ነገርኩት፤ ከሰሜን ተራሮች በቀር በዓለም የትም እንደማይገኝ፣ ተራሮቹን ዩኔስኮ በ1978 በዓለም ቅርስነት እንደመዘገባቸው፣ ገደሉ ጫፍ ላይ ቆሞ በልጅነት ዓይኔ እንዳየሁት። «አንተ ራስህ?» አለ። «እኔ ራሴ» አልኩት።

ያች ጥያቄ በር ከፈተች። በማግስቱ ሌሊት ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። በየዓመቱ ነሐሴ 6 ገደማ ተወርዋሪ ኮከብ ይበዛል፤ ስዊፍት ተትል የተባለ ጅራታም ኮከብ ጥሎት ያለፈው ብናኝ ከምድራችን አየር ጋር ሲገናኝ እየነደደ ነው የሚታየው። አምስታችንም ጋቢና ብርድ ልብስ ደርበን ሜዳው ላይ በጀርባችን ተጋደምን። ሁለቱ ትንንሾች ሲቆጥሩ ሲቆጥሩ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ትልቁ ልጅ አልተኛም። ቆይቶ፣ በተሰባበረ አማርኛ፣ «አባባ፣ አንተ በእኔ ዕድሜ ማታ ምን ትሠራ ነበር?» አለኝ።

ነገርኩት። በእሱ ዕድሜ ከአያቴ ጋር ማማ ላይ ሰብል ስጠብቅ አድር እንደነበር፣ ቀን ቀን ጭላዳ ዝንጀሮ እንዳይገባ በወንጭፍ እንደምንከላከል፣ ሌሊት ጅብ ሲጮህ አያቴ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተረት ይጀምሩልኝ እንደነበር፣ ፍርሃቴን አይተው እንዳላዩ እንደሚሆኑ። የአያቴን ስም ነገርኩት። የአያቴንም አባት ስም። እሱ ስሞቹን እየደጋገመ ጠራቸው። ስንት ሰዓት እንደተኛን አላውቅም። ብቻ ከዚያ በኋላ ማታ ማታ እራት ሲያልቅ «ተረት ተረት» የሚለው እኔ ሳልሆን እሱ ሆነ፤ ትንንሾቹ «የላም በረት» ብለው ይመልሳሉ፣ ጦጣና ጅብ፣ ቀበሮና አንበሳ እየተባለ ይቀጥላል። እሑድ ምሳ ላይ ይህ ይሆን ነበር? አይሆንም። ተረት ጨለማና ሰፊ ጊዜ ይፈልጋል፤ አድማጩም የሚሄድበት ሌላ ቦታ ሊኖረው አይገባም።

ከየሎውስቶን በምሥራቁ በር ወጣን። ኮዲን አለፍን፣ የቢግሆርንን ተራራ ወጣን። እዚያ ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ ከተረፈ ገመድ ጅራፍ ገምጄ ትልቁን ልጅ ማጮህ አስተማርኩት። እጁ ተላጠ፤ አልተወም። አንዴ ሲጮህለት ገደሉ አስተጋባ፣ እሱም ከገደሉ በላይ ጮኸ። ቡሄ ደርሶ ነበርና ጅራፍ ያለ ጊዜው አልወጣም።

የቡሄ ዋዜማ ዴቭልስ ታወር ሥር አደርን። ይህ ከሜዳው መሃል ብቻውን 264 ሜትር ወደ ላይ የቆመ ዓለት ነው፤ ዙሪያውን ከላይ እስከ ታች የተጫረ ይመስላል። ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1906 የአገሪቱ የመጀመሪያ ብሔራዊ ሐውልት ብለው አወጁት። ለነባሮቹ ሕዝቦች ግን የተቀደሰ ስፍራ ነው፤ ዛፎቹ ላይ የጸሎት ጨርቅ ያስራሉ። ማሙሽ ሊነካው እጁን ሲዘረጋ ባለቤቴ ያዘችውና «የሰው ጸሎት አይነካም» አለችው።

የዓለቱን ታሪክ ስኮት ሞማዴይ የተባለው የካዮዋ ደራሲ ከአያቱ ወገን የወረሰው ነው፤ እኔም በራሴ አንደበት ለልጆቹ ተረክሁላቸው። ስምንት ልጆች ይጫወታሉ፤ ሰባት እህቶችና አንድ ወንድም። ድንገት ልጁ ድዳ ይሆናል፣ ይንቀጠቀጣል፣ በእጅ በእግሩ ይሮጣል፣ ጠጉር ያበቅላል፤ ድብ ይሆናል። እህቶቹ ሲሸሹ አንድ ትልቅ የዛፍ ጉቶ «ውጡብኝ» ይላቸዋል። ሲወጡበት ወደ ሰማይ ያድጋል። ድቡ ደርሶ ሊይዛቸው ቢሞክር አልቻለም፤ ግንዱን ዙሪያውን በጥፍሩ ጫረው። እህትማማቾቹም ሰማይ ደርሰው ሰባት ከዋክብት ሆኑ። ማሙሽ ዓለቱን አየ፣ ከዋክብቱን አየ፣ «ወንድማቸውስ?» አለ። ተረቱ ያንን አይናገርም አልኩት። እሱ ግን እስኪተኛ ድረስ የዚያ ልጅ ነገር አልወጣለትም።

ከዚያ የእኛ ተራ ሆነ። ባለቤቴ የቡሄን ታሪክ ነገረቻቸው። ጌታ በታቦር ተራራ ብርሃነ መለኮቱን ሲገልጥ ሌሊቱ ቀን መሰለ። እረኞቹ ልጆች መሽቶ ሳለ ገና ነው ብለው ሜዳ ላይ ቀሩ። ወላጆቻቸው ተጨንቀው ችቦ አብርተው፣ ሙልሙል ዳቦ ይዘው ፍለጋ ወጡ። ልጆቹ ይህን ድንኳን ደጅ ተቀምጠው ሲሰሙት የሌላ ሰው ታሪክ አልሆነባቸውም፤ እነሱም ቤታቸውን ትተው ሜዳ ላይ ያመሹ ልጆች ናቸው። በነሐሴ ድርቅ የተነሳ እሳት ተከልክሎ ነበርና ችቦ አላበራንም። ባለቤቴ ግን በጋዝ ምድጃዋ ላይ፣ በክዳን ድስት፣ ትንንሽ ሙልሙል ጋግራለች።

ጎረቤታችን ከሚኒሶታ የመጡ፣ እነሱም የልጅ ልጆቻቸውን የያዙ ባልና ሚስት ነበሩ። ባለቤቴ ቀደም ብላ ሄዳ ነገሩን አስረዳቻቸውና ሙልሙሉን በእጃቸው ሰጠቻቸው። አመሻሹ ላይ ልጆቻችን ዱላ ይዘው ደጃቸው ቆሙ። ትልቁ አወጣ፣ ሁለቱ ተቀበሉ። በባህሉ የወንዶች ጨዋታ ቢሆንም ልጅቱ ባትኖር ተቀባይ ይጎድል ነበር፤ ደግሞም ከሁሉ የጠራው የእሷ ድምፅ ነው። ሴትዮዋ ሙልሙሉን ለእያንዳንዳቸው ሰጥታ ስታበቃ የራሷን የልጅ ልጆች ጠርታ አሰለፈቻቸው። ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ መሬቱን በዱላ እየመቱ ጨፈሩ። እኔ እዚያ ቆሜ ያለቀስኩት በደስታ ነው፤ አልሸሽገውም።

መመለሻው ፈጥኖ አለቀ። ፍልሰታን ፈትተን፣ ደክመን፣ አቧራ ለብሰን ሲያትል ገባን። ባለቤቴ ወገቧን ለጥቂት ቀን አሟት ነበር፤ አሁን ደህና ናት። ትልቁ ልጅ እሑድ ሲመጣ ማዳመጫውን በሩ ላይ ያወልቃል፤ አማርኛው አሁንም ይሰበራል፣ ግን ይናገራል።

እንግዲህ ይህን የምታነቡ አያቶች፣ «አርጅተናል» ብላችሁ አትቅሩ። ልጅ አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላው በትምህርት ዕረፍቱ ሥራ ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ አታገኙትም። ወላጆችም ልጆቻችሁን ስጧቸው፤ ለሁለት ቀን ሳይሆን ለብዙ ሌሊት። የብዙ ፓርኮች የድንኳን ቦታ ከስድስት ወር በፊት ተከፍቶ ቶሎ ይያዛል። ለመጪው ነሐሴ የምታስቡ በየካቲት ቦታችሁን ያዙ።